ዕውቅና የማን ነው?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በሐምሌ ወር ወደ ሞረትና ጅሩ የሄደ ሰው የዋልካን አፈር ጠባይ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ጫማው ላይ ተለጥፎ፣ በየእርምጃው እየተደራረበ፣ እግሩን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ያከብድበታል። በየካቲት ተመልሶ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ያው አፈር ደርቆ፣ እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ይጠብቀዋል። ታዲያ ይህ ነገር ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽ? አንዱንም አይደለም፤ ሁለቱንም ነው። የዘመናችን ሊቃውንት እንዲህ በመካከል ለቆመ ነገር ሁሉ አንድ የጋራ ስም አውጥተውለታል፤ በኛ ቋንቋ ልስልስ ቁስ ልንለው እንችላለን። ሊጥ፣ አረፋ፣ ጎማ፣ ሙጫ፣ ቆዳ፣ ጭቃ እዚህ ዘርፍ ውስጥ ይገባሉ። ጉልበት ሲያርፍባቸው እንዴት እንደሚለጠጡ፣ እንደሚታጠፉና እንደሚሰነጠቁ የሚመረምረው ትምህርት ደግሞ ተግባራዊ ሜካኒክስ ይባላል።

እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ቀመሩን ለባለቤቶቹ እንተዋለን። «ጭቃ ምን አገባችሁ?» የሚለን የምህንድስና ተማሪ እንደሚኖርም እናውቃለን (አንድ ሁለቱ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ናቸው)። የኛ ጥያቄ ግን የቀመር ጥያቄ አይደለም። ስለነዚህ ነገሮች ዛሬ የሚታወቀውን ያወቀው ማን ነው? ተመራማሪ የሚባለው ማን፣ «ባህላዊ» የሚባለውስ ማን ነው? አንድ ሰው ለደከመበት ዕውቀት ስሙ ሊጠራ ይገባል ስንል ዕዳ እየከፈልን ነው ወይስ ምጽዋት እየሰጠን? ጥያቄው ሩቅ መስሎ የታየው አንባቢ ካለ፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ገዛ ደብተራችን እንደሚመጣ ከወዲሁ እንንገረው።

በእነዋሪ እንጀምር። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበሩት ደቃቅ የሸክላ ንጣፎች በመካከላቸው ውሃ እያስገቡ ይራራቃሉ፤ ካበጠ በኋላ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል፤ ከላይ የሚመጣው ዝናብ መውረጃ አጥቶ ይተኛል፤ ሥሩ አየር ያጣል፤ ስንዴው ቢጫ ይሆናል። በአገራችን እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደጋው ላይ ነው። በብዙ ቦታ የገበሬው መፍትሔ ትዕግሥት ነበር። ክረምቱ እስኪከብድና እስኪያልፍ ጠብቆ፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም በቀረው እርጥበት ሽምብራውን፣ ጓያውን፣ ስንዴውን መዝራት። ማሳው ዋናውን ዝናብ ባዶውን ተኝቶ ያሳልፈዋል ማለት ነው።

የጅሩ ሰዎች ግን ሌላ ነገር አሰቡ። መሬቱ በበሬ ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሴቱም ልጁም፣ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋ ያለ መደብ ያነሳል፤ በመደብና በመደብ መካከል ቦይ ይተዋል። ውሃው በቦዩ ይሄዳል፤ መደቡ ይተነፍሳል፤ ስንዴው በክረምቱ ውስጥ ቆሞ ያድጋል። ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የተገኘ አይመስለንም። መደቡ ከልኩ ቢጠብ ይናዳል፤ ከልኩ ቢሰፋ መሐሉ ውሃ ይቋጥራል፤ ቦዩ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ቢወርድ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ልኩን ለማግኘት ሰው በብዙ ክረምት ሞክሮ፣ ከስሮ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና መሞከር ነበረበት። ክስረቱ ደግሞ የቀልድ አይደለም፤ የተበላሸ ሙከራ ማለት የዓመት እንጀራ ማለት ነው። መሞከር፣ ማየት፣ ማስተካከል፣ መድገም! በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የምርምር ዘዴ ተብሎ የተጻፈው ከዚህ በምን ይለያል?

ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአፍሪካ የቆመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (በወቅቱ ኢልካ የሚባለው፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ከሌላ ተቋም ጋር እንዲዋሃድ ተወስኖ ኢልሪ የሆነው) ከአገሪቱ የእርሻ ምርምር ተቋም፣ ከዓለማያና ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ የጥቁር አፈር ፕሮጀክት አካሄደ። እነዋሪ ከሥራ ቦታዎቹ አንዷ ነበረች። የእጁ ሥራ ብዙ ጉልበት እንደሚፈጅ ታየ፤ በበሬ የሚጎተት መሣሪያም ተሠራ። መሣሪያው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን አጋጥሞ፣ አፈሩን ወደ መካከል የሚሰበስቡ ክንፎች ጨምሮ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ እያወጣ የሚሄድ ነው። አብዬ አስታጥቄና ሳሙኤል ዩትዚ ስማቸው ከዚህ ሥራ ጋር ከሚነሳው ተመራማሪዎች መካከል ናቸው። ሥራቸው መልካም ሥራ ነው፤ ያገሩን ማረሻ ንቀው ትራክተር አላመጡም። የእነዋሪ ገበሬ መደቡን በእጁ ይሠራ እንደነበርም አልደበቁም፤ ጽፈውታል።

እንግዲያ ቅሬታችን ምኑ ላይ ነው? ሰዋስው ላይ ነው። (በዚህ እንኳ ባለሙያ ነን።) እንዲህ ባሉ ጽሑፎች ልማድ ተመራማሪው ባለቤት ነው፤ ስም አለው፣ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ ዓመት አለው። ገበሬው ግን «በአካባቢው ይሠራበታል» በሚል ግሥ ውስጥ ይሰወራል። ይሠራበታል! ማን ነው የሚሠራበት? መቼ ጀምሮ? ማን ከማን ተማረው? ግሡ አይመልስም። ዓመት የሌለው ነገር ደግሞ ከዘላለም እንደነበረ፣ እንደ ተራራና እንደ ጉም ተፈጥሮ ራሷ እንዳወጣችው ይቆጠራል። ለተራራ ዕውቅና የሚሰጥ የለም።

እዚህ ላይ የመኝታ ክፍላችን መሐንዲስ ጣልቃ ይገባል። «ይኸ ልማድ ነው እንጂ ምርምር አይደለም። ተመራማሪ ማለት እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ነው። የጅሩ ገበሬ ስለ ሸክላ ንጣፍ ምን ያውቃል?» ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቻችንም በልባችን እናምነዋለን። ስለዚህ በደንብ ልንመረምረው ይገባል።

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዢል ደ ዤን በ1991 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ያሰማው ንግግር ርዕሱ ራሱ ልስልስ ቁስ የሚል ነበር። ከምሳሌዎቹ አንዱን ከደቡብ አሜሪካ ወሰደ። የአማዞን አካባቢ ሰዎች የጎማ ዛፍ ወተት እግራቸውን ይቀቡና ጥቂት ሲቆዩ ጫማ ይሆንላቸዋል፤ ከእግራቸው ልክ ዝንፍ የማይል ጫማ። ችግሩ ጫማው ውሎ ሳያድር መፈራረሱ ነው። የአየሩ ኦክስጅን በወተቱ ውስጥ ያሉትን ረጃጅም ሰንሰለቶች መጀመሪያ እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፤ ቆይቶ ግን ራሱ ይቆራርጣቸዋል። በ1839 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድየር ይህንኑ ነገር ከድኝ ጋር አሞቀውና የማይፈርስ ጎማ አገኘ። ደ ዤንን ያስደነቀው የለውጡ መጠን ማነስ ነው፤ ከ200 የካርቦን አተሞች አንዱን ብቻ ድኙ ቢነካው ፈሳሹ ወደ ጎማነት ይለወጣል።

አሁን የመሐንዲሱን ሚዛን እናንሳ። የአማዞኖቹ ሰዎች ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ ስለዚህ ተመራማሪ አይደሉም። መልካም። ጉድየርስ ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር? አያውቅም! ጎማ የረጃጅም ሰንሰለቶች ጥርቅም መሆኑን ጀርመናዊው ኸርማን ሽታውዲንገር ሲያስረዳ ጊዜው 1920ዎቹ ደርሶ ነበር፤ የኖቤል ሽልማቱንም ያገኘው በ1953 ነው። ጉድየር ቀጣጥሎ፣ ቀላቅሎ፣ አቃጥሎ፣ ቤተሰቡን አስርቦ ሲሞክር የኖረ ሰው ነው። በሚዛኑ ከተሄደ ጉድየርም ወደ «ባህላዊው» ጎራ ይገባ ነበር። ግን አልገባም። ለምን? ቀን ያለው ሰነድና የባለቤትነት ወረቀት ስለነበረው ነው እንላለን። እንግዲህ ሚዛኑ «ለምን» የሚለውን ማወቅ አልነበረም፤ ጽሕፈት ቤት አጠገብ መሆን ነበር። (በነገራችን ላይ ጉድየር በ1860 እ.ኤ.አ. ዕዳ እንዳለበት ሞተ። በስሙ የሚጠራው የጎማ ኩባንያ በ1898 በሌሎች ሰዎች የተቋቋመ ነው። ዕውቅና አንዳንዴ እንጀራ አይሆንም።)

ነገር ግን በጋለ ስሜት ገበሬና ፕሮፌሰር አንድ ናቸው ብሎ መዝጋትም ሐሰት ነው። «ለምን» የሚለው ዕውቀት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ይጓዛል። ሽታውዲንገር ያወቀው በጎማ ብቻ አልቀረም፤ ለፕላስቲኩም ለሰው ሠራሹ ክርም ሆነ። የጅሩ መደብ ግን ለስንት ትውልድ እዚያው ጅሩ ቆየ፤ ያው ጥቁር አፈር ያለባቸው ሌሎች ወረዳዎች ሳይሰሙት ኖሩ። ልኩን ለክቶ፣ መሣሪያ አስታጥቆ ወደ ሌላ ቦታ ያሻገረው ተመራማሪው ነው። ለማሻገሩ ዕውቅና ይገባዋል። እኛ የምንለው ማሻገርና ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በአንዱ ደረሰኝ የሁለቱን ሒሳብ መዝጋት አይቻልም ነው።

ደግሞም ማሻገር የተባለው ሁሉ አይሻገርም። በ1980ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት እ.ኤ.አ. ይኸው ማዕከል እዚሁ ደብረ ብርሃን በነበረው ጣቢያ ባንድ በሬ ማረስን ሞክሮ ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ብዙ ገበሬ ያለው አንድ በሬ ብቻ ነውና። ቀንበሩ ላንድ በሬ ተበጀ፣ ሞፈሩ አጠረ፣ ከሥሩም መንሸራተቻ ተደረገለት። በጣቢያው ላይ ሠራ፤ ጽሑፉም ታተመ። በገበሬው ማሳ ግን አልተስፋፋም። ከባድ አፈር ላንድ በሬ ከባድ ነው፤ ባላንድ በሬው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር በሬ የሚያጣምርበት መቀናጆ የሚባል የራሱ ሥርዓት አለው። ይህንን የሚተርክ ሰው ብዙ ጊዜ «ገበሬው አዲስ ነገር አልቀበል አለ» ብሎ ይደመድማል። እኛ ግን ገበሬው አንድ የምርምር ወረቀት አንብቦ የጣለ ገምጋሚ ሆኖ ይታየናል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ይከበራል፤ ስሙም በኮሚቴ ላይ ይጻፋል።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አንኮበር ብንሄድ ጥያቄው ታሪካዊ መልክ ይይዛል። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በ1879 እ.ኤ.አ. አንኮበር ሲደርስ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም፤ የኛ ዕድሜ ነበር ማለት ይቻላል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው፣ ቀጥሎም ጠብመንጃ እንዲሠራላቸው አዘዙት፤ ወጣቱ ጠብመንጃውን ከአውሮፓ መግዛት ይሻላል ቢልም አልተለቀቀም፣ ሠራው ተብሎ ይተረካል። ሰውየው ኋላ ድልድይ ሠራ፣ ውሃ በቧንቧ ቤተ መንግሥት አስገባ፣ በባቡር ሐዲዱ ጉዳይ ዋና ሰው ሆነ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ተባለ። የሚገባው ነው፤ አንነፍገውም።

እኛን የሚከነክነን ግን ጫማው ነው። ቆዳው የማን ነበር? እዚያው አንኮበር ሥር ቆዳ የሚያለፉ፣ ኮርቻ የሚሰፉ፣ ምራን የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ። ምራን ቀንበርና ሞፈርን የሚያጣብቀው ጠፍር ነው፤ እርጥቡን ታስሮ ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያጠብቃል። ይህን ጠባዩን አውቆ መጠቀም ከልስልስ ቁስ ሜካኒክስ ሌላ ምንድን ነው? እነዚህ ሰዎች ግን አማካሪ አልተባሉም። ፋቂ ተባሉ። አንጥረኛው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ተባለ፤ ሸክላ ሠሪዋ በዓይኗ ትበላለች ተብላ ተፈራች። ጀርመንም ስዊስም የእጅ ሙያተኛ ነበረ፤ ልጁን ፖሊ ቴክኒክ ሰደደው። የኛው የእጅ ሙያተኛ ልጁን የት ሊሰደው? ከመንደር ዳር ነው የኖረው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር አዋጅ አስነገሩ። ትልቅ አዋጅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። ሆኖም አዋጁ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ምንስ እንደማይችል ማየት ደግ ነው። ስድብን ይከለክላል። የተከለከለ ስድብ ግን ምስጋና አይደለም። ሰው ፋቂ አትበለው ሲባል ዝም ይል ይሆናል፤ ዝም ማለቱና «ይህ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፣ ልማርበት» ማለቱ በመካከላቸው ገደል አለ። አዋጅ የመጀመሪያውን ያዝዛል። ሁለተኛውን የሚያዝ ግን የለም።

ይኸው ነገር በቅርቡም ደርሶብናል። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ስም የባለቤትነት መብት ተሰጥቶበት ነበር፤ የአውሮፓው ጽሕፈት ቤት ያጸደቀው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን መብት ፈጠራነት የለውም ብሎ ሻረው፤ ሁላችንም ደስ አለን። ግን ፍርዱም እንደ አዋጁ ነው። የነሱ አይደለም አለ እንጂ የማን እንደሆነ አልተናገረም፤ ሥራውም አይደለም። እስቲ አብሲትን አስቡት። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ቀንሶ፣ በውሃ አሙቆ፣ አብስሎ፣ አቀዝቅዞ ወደ ሊጡ መመለስ። የበሰለው ክፍል ሊጡን ያወፍረዋል፣ ያያይዘዋል፤ ትንፋሹም ተይዞ እንጀራው ዓይን ያወጣል። የሊጥ ሜካኒክስ ሊቅ ቢጠየቅ ይህን የሚያህል ጥበብ በአንድ ጧት አያመጣም። ይህን ያሰበች አንዲት ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን፣ አንድ ምድጃ አጠገብ። እናቶቻችን በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደግሙታል፣ እኛም በልተን ወደ ክፍል እንገባለን።

ከኩሽና ሳንወጣ አንዲት ጀርመናዊት እንጥራ። አግነስ ፖከልስ በብራውንሽቫይግ ከተማ ወላጆቿን እያስታመመች ቤት የዋለች ሴት ናት፤ በዘመኗ ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ አትገባም። ዕቃ ስታጥብ የውሃው ፊት ዘይትና ሳሙና ሲነካው ጠባዩ እንደሚለወጥ አየች። በቤት ዕቃ መለኪያ ሠርታ ለዓመታት ለካች። በ1891 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ ደብዳቤ ጻፈች። ሬይሊ በዚሁ ጉዳይ እየሠራ ነበር፤ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ቢቆልፈው ማን ያውቅበት ነበር? እሱ ግን ደብዳቤው ተተርጉሞ ኔቸር በተባለው መጽሔት በስሟ እንዲወጣ አደረገ። አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግምዩር እሷ የጀመረችውን ዓይነት ገንዳ አሻሽሎ በሠራው ሥራ በ1932 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ እሷ በዚያው ዓመት የክብር ዶክትሬት ተሰጣት፤ ሰባ ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ እንዶድ እንመለስ። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን ነገር ሲያጠና ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ያ አረፋ፣ ልስልስ ቁስ ራሱ፣ በሽታውን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ ይገድላል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የዕውቅና ትግል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የተገኘው ውጤት ውጭ አገር ባሉ ተቋማት ዘንድ እስኪታመን ዓመታት ፈጀ። በ1989 እ.ኤ.አ. እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በስሙ ይጠራል። አክሊሉ ሴቶቹን አልካዳቸውም፤ ታሪኩን ሲያወራ ሁልጊዜ ከነሱ ይጀምር ነበር። ግን ሰንሰለቱን እዩት። እሱ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ማንም አያየውም፤ እሱ ወደ ታች ሲያይ ሴቶቹ «ሴቶች» ናቸው። ፖከልስ ሬይሊን አገኘች። የአድዋዎቹ ሴቶች ያገኙት ሰው ቅን ሰው ነበር፤ ቅንነቱ ግን ስማቸው የሚገባበት ዓምድ አላገኘም።

ወደ ደብተራችን እንደሚመጣ ብለን ነበር፤ እነሆ መጣ። እኛ የሥነ ቃል ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ መንዝ፣ ወደ ተጉለት፣ ወደ አንኮበር እንወጣለን። ለቅሶ፣ ፉከራ፣ ተረት እንሰበስባለን። ስለ እጅ ሥራ የሚጽፉም አሉ፤ ስለ ባናና ዝተት፣ የመንዝ በግ ሻካራ ጠጉር እንዴት ተፈትሎ ብርድ የማያስገባ ልብስ እንደሚሆን። ተመልሰን እንጽፋለን፣ እንመረቃለን፣ ስማችን ጀርባው ላይ በወርቅ ቀለም ይታተማል። ያስተማሩን ሰዎች ግን በመጨረሻው ገጽ «መረጃ አቀባይ» ተብለው በቁጥር ይደረደራሉ። ከዚህ በስተጀርባ የተማርነው ትርጓሜ አለ፤ ሥነ ቃል የሕዝብ ነው፣ ደራሲ የለውም ይላል። ትርጓሜው እውነት አለው። ግን ምቾትም አለው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ለማንም ዕዳ የለበትም።

መንደር ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። የትኛዋ አልቃሽ ያችን ግጥም በማን ለቅሶ ላይ እንዳወጣቻት ሰው ያውቃል። የማን ምጣድ እሳት ላይ እንደማይሰነጠቅ፣ የማን ፈትል እንደማይበጠስ፣ የማን ሞፈር እንደማይጎብጥ ይታወቃል፤ ገበያ ላይ በስም ይጠየቃል። ስም አልባ አልነበሩም። ስማቸው የጠፋው በመንገድ ላይ ነው፣ ከመንደሩ ወደ ወረቀቱ ሲመጣ፤ መንገደኞቹ ደግሞ እኛ ነን።

«እንግዲያው ስማቸውን ጻፉና ተገላገሉ» የሚል ይኖራል። አንድ ጓደኛችን ይህንኑ ሐሳብ ለክርክር ክበባችን አቅርቦ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። አንዱ ያነሳው፣ ከአንድ መንደር አንድ ሰው መርጠን ስሙን ስንጽፍ የሌላውን ድካም እንወስድበታለን የሚል ነበር፤ የጅሩን መደብ በአንድ ሰው ስም መጥራት ውሸት ነውና። ሌላው፣ ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ ሰው አለ አለ፤ የተጻፈ ስም ለግብር ነው፣ ለምልመላ ነው፣ ለክስ ነው፣ ይህን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ሦስተኛው ደግሞ፣ ቁጥር ሁለት ሺህ በሆነው የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የሚጻፍ ስም ለመንዝ ፈታይ ምን ይሠራላታል፣ ዋጋዋን ክፈሉ እንጂ አለ። ሦስቱም ልክ ናቸው ብለን እናምናለን። ሦስቱም ግን ሳይጠይቁ ለመተው ምክንያት አይሆኑም። ስሙን የማይፈልግ ሰው መኖሩ የሚታወቀው ሲጠየቅ ነው።

ከኛ መካከል የጠየቁ አሉ። መንዝ ውስጥ በፈትል የታወቁ አንዲት እናት፣ ስማቸውን እንጻፍ እንደሆነ ሲጠየቁ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «የኔን ተውት ልጆቼ፤ ካልቀረ የእናቴን ጻፉ፣ ያስተማረችኝ እሷ ናት» አሉ። የእናታቸው ስም ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ነገሩን፤ ከዚያ ደግሞ የእናታቸውን አክስት ጨመሩ፤ ጠጉሩን ከመፍተል በፊት የማዘጋጀቱን ብልሃት ያመጡት እሳቸው ናቸው አሉ። ይዘነው የሄድነው ቅጽ አንድ የስም መስመር፣ አንድ የዕድሜ፣ አንድ የቀበሌ ነበረው። ሦስቱ ስሞች በኅዳጉ ላይ ተጻፉ። ለሚቀጥለው የመስክ ጉዞ ቅጹ ሲባዛ ከስሙ መስመር ሥር «ከማን ተማሩት?» የሚል እንዲጨመር ጠይቀናል፤ እስካሁን አልተመለሰልንም፤ የማባዣው ወረቀት ግን አንድ ገጽ ላይ ይበቃል።